ሽታው ቅርስ አይደለም

ዛሬ የምናወራው ስለ ጓርኒሲዮን ነው። አትሳቁ! ስንት ዓመት ጋዜጠኝነት ተምረን፣ ጋዋን ለብሰን፣ ፎቶ ተነስተን ስናበቃ ስለ መኪና ጓርኒሲዮን ልንጽፍ መቀመጣችን ለራሳችንም ገርሞናል። እናታችን ብታየን "ለዚህ ነው እንዴ ያስተማርኩሽ?" ማለቷ አይቀርም። ግን አንድ እሁድ ከጠዋት እስከ ማታ ራሳችንን ሲፈልጠን ውሎ፣ የፈለጠንን ነገር ያወቅነው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ዝም እንበል ብንልም አልሆነልንም።

(በነገራችን ላይ "እኛ" የምንለው የዓምድ ወግ ሆኖብን ነው እንጂ ብዙ ሆነን አይደለም። መኪናዋ የምትይዘው ሁለት ሰው ብቻ ነው።)

መኪናዋ ኤምጂቢ ትባላለች። እንግሊዝ ውስጥ አቢንግዶን በምትባል ከተማ ከ1962 እስከ 1980 ድረስ ከ500 ሺህ በላይ ተሠርታለች (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ። ለንደን የሚኖሩት አጎታችን የ1973 ሥሪት የሆነች ቀይ ገዙ። ጋሼ በወጣትነታቸው ተክለሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ሠርተዋል፤ ለንደን ከገቡ ወዲህ ግን ሃያ ምናምን ዓመት አውቶቡስ ነው የነዱት። ጡረታ ሲቃረብ "አንድ እንኳ ለራሴ የምነዳው ነገር ይኑረኝ" ብለው ገዟት። ማን ይፈርድባቸዋል?

እናላችሁ፣ ነሐሴ ውስጥ አንድ እሁድ ብራይተን ባሕር ዳርቻ እንሂድ አሉን። ጠዋት ሲነሱ ሰማዩ ዳመና ስለነበር ጣሪያው ተዘግቷል። ገና ክሮይደንን ሳናልፍ አንድ ሽታ መጣ፤ ግማሽ ቤንዚን፣ ግማሽ የተቃጠለ ብረት። ራሳችንን ያዝ አደረገን። "ጋሼ፣ የሆነ ነገር አይሸትዎትም?" አልን። "እሱማ ሽቶዋ ነው!" አሉና ሳቁ። እኛም ሳቅን። ከዚያ በኋላ ብራይተን እስክንደርስ መስኮቱን ዝቅ አድርገን አንገታችንን እንደ በግ ወደ ውጭ አስግገን ሄድን። ባሕሩን ስናይ ማቅለሽለሽ ጀምሮን ነበር። የባሕር ዳርቻው ላይ መኪናዋን እያዞሩ ያደነቁ አንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ፣ ጋሼ ስለ ሽታው ቢነግሯቸው ምን አሉ መሰላችሁ? የማትሸት ኤምጂ ኤምጂ አይደለችም!

ጠባችን እዚህ ላይ ነው።

አሮጌ መኪና ከሚወዱ ሰዎች ጋር ትንሽ የተቀመጠ ሰው ይህን ንግግር ያውቀዋል። ዘይት ታንጠባጥባለች? ባሕርይዋ ነው። ዝናብ ታስገባለች? ባሕርይዋ ነው። ትሸታለች? ኧረ ደስ ይላል፣ የልጅነት ትዝታ ነው። ስለ ዘይቱም ስለ ዝናቡም አንከራከርም፤ የራሳቸው ምንጣፍ ነው የሚበሰብሰው። የሚያፈስ የጭስ ማውጫ ጓርኒሲዮን ግን "ባሕርይ" ውስጥ የሚመደብ አይደለም። እሱ ብልሽት ነው። ያውም አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው የሚመርዝ ብልሽት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓርኒሲዮን በሁለት ብረቶች መካከል ገብቶ ቀዳዳ የሚደፍን ስስ ነገር ነው። (እንግሊዞች ጋስኬት ይሉታል። የእኛ ጋራዦች ግን ከጣልያን ተቀብለው ጓርኒሲዮን፣ ቴስታ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ እንዳሉ ቀሩ። ጋሼ የእንግሊዝን መኪና በለንደን ግቢያቸው በጣልያንኛ ሲሰድቧት መስማት ራሱን የቻለ መዝናኛ ነው።) እዚህ ላይ የምናወራው ቴስታውና ጭሱን ተቀብሎ ወደ ማርሚታ የሚያወርደው የብረት ክንድ፣ ማለትም ማኒፎልዱ፣ የሚገናኙበትን ጓርኒሲዮን ነው። ሞተሩ ያቃጠለው ሁሉ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። እዚያ ላይ ክፍተት ካለ ጭሱ ኋላ ድረስ ተጉዞ ሜዳ ላይ አይበተንም፤ ኮፈኑ ሥር ይቀራል። ኮፈኑ ሥር የቀረ ጭስ ደግሞ የሃምሳ ዓመት መኪና ላይ መግቢያ አያጣም። የሽቦ ማሳለፊያ፣ የፔዳል ቀዳዳ፣ የደረቀ ጎማ፣ የማሞቂያው አየር መሳቢያ፣ ሁሉም በር ነው።

ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህን ስም ኬሚስትሪ ክፍል ብቻ የሰማችሁት ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ከሰል ነው! በዘጋ ቤት ከሰል አንድደው ተኝተው ሳይነሱ የቀሩ ሰዎችን ወሬ ሳይሰማ ያደገ አበሻ የለም። ቡና ተፈልቶ ሲያበቃ "ከሰሉን ወደ ውጭ አውጡት" የሚሉት እናቶቻችን የሚፈሩት ያንኑ ጋዝ ነው። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚቀመጥበትን ወንበር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ይዞም አይለቅም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ። እና ልብ በሉ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ራሱ ሽታ የለውም። የሚሸተው አብሮት የሚመጣው ያልተቃጠለ ቤንዚን ነው። ስለዚህ "ከባሰ ይሸተኛል፣ ያኔ አቆማለሁ" የሚል ሾፌር የተማመነው ዘበኛ ሌላ ሰው ነው የሚጠብቀው።

ሌላም አለ። የዚህች መኪና ካርቡሬተርም ጭስ ማውጫም ያሉት በሞተሩ ግራ በኩል ነው። እንግሊዝ አገር መሪው በቀኝ ነው። አያችሁት? ሾፌሩ በቀኝ ተቀምጦ "ባሕርይዋ ነው" ይላል፤ ማኒፎልዱ ያለው ደግሞ ግራ የተቀመጠው ተሳፋሪ እግር ፊት ለፊት ነው። በሌላ ሰው ሳንባ የሚቆረብ ትዝታ ማለት ይህ ነው።

ታዲያ መንግሥት የለም እንዴ? ትላላችሁ። አለ። ብሪታኒያ ውስጥ መኪና ሦስት ዓመት ካለፈው በየዓመቱ ምርመራ ያልፋል፤ ኤምኦቲ ይሉታል፣ የእኛ ቦሎ ማለት ነው። ምርመራው ላይ የጭስ ማውጫው ማፍሰሱና ጭስ ወደ ውስጥ መግባቱ ይታያል። ከግንቦት 2018 ጀምሮ ግን ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈና ብዙ ያልተለወጠ መኪና ከዚህ ምርመራ ነጻ ነው። ከዚያ በፊት ነጻ የነበሩት ከ1960 በፊት የተሠሩት ብቻ ነበሩ። እስቲ አስቡት፤ አዲስ አበባ ያለች ላዳ በየዓመቱ ተመርመሪ ስትባል፣ የለንደኗ ኤምጂቢ "አንቺስ አርጅተሻል፣ ሂጂ" ተባለች።

የሕጉ ደጋፊዎች መልስ አላቸው፤ እኛም ሰምተናቸዋል። እነዚህ መኪኖች በዓመት የሚነዱት ትንሽ ነው፣ ባለቤቶቻቸውም ከማንም በላይ ይንከባከቧቸዋል ይላሉ። እውነት ነው። ጋሼ የመኪናዋን የጎማ ሽቦ በጥርስ ብሩሽ ነው የሚያጥቡት። በፍቅር ረገድ ማንም አይወዳደራቸውም። ነገር ግን ፍቅርና ምርመራ ይለያያሉ! በጥርስ ብሩሽ ያጠቡት ያው ሰው ማኒፎልዱ ሥር የተጋገረውን ጥላሸት ሳያዩት ሁለት ዓመት ነድተዋል። የሚወድ ዓይን ጉድለት አይታየውም፤ ለዚህ ነው ግድ የሌለው፣ መብራት ይዞ ሥር የሚገባ ባዕድ ሰው የሚያስፈልገው። በሕጉ መሠረት መኪናዋ ለመንገድ ብቁ መሆን አለባት፣ አደገኛ ሆና ከተገኘችም ባለቤቱ እስከ 2 ሺህ 500 ፓውንድ ይቀጣል። ግን ማን ያገኛታል? ካልታየች?

ደግሞ ምርመራውም ቢሆን አይጋነን። ከነሐሴ 1975 በፊት ሥራ ላይ የዋለ መኪና ጭሱ የሚፈተሸው በዓይን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 1986 አጋማሽ ላሉት የተፈቀደው የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠን 4.5 በመቶ ነው፤ ከሚሊዮን 45 ሺህ መሆኑ ነው። ቤት ውስጥ የሚሰቀለው ማስጠንቀቂያ ከሚሊዮን 300 ላይ ሲደርስ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ መጮህ አለበት። በዚያ መጠን የወጣ ጋዝ ማርሚታው ጫፍ ላይ ሆኖ ከነፋስ ጋር ቢሄድ አንድ ነገር ነው፤ ግን ከመነሻው ከቴስታው ሥር ሲያመልጥ?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጠበኛችን እንሂድ፤ ወደ ጋራዡ። ስሙን አንጠራም። ጋሼ ሽታውን ጨርሶ ችላ አላሉትም፤ ሦስት ጊዜ ወስደው አሳይተዋል። ሦስቱንም ጊዜ ጓርኒሲዮን ተቀየረ፤ ሦስቱንም ጊዜ ዙሪያውን ቀይ ሲሊከን ተለቀለቀ፤ ሦስቱንም ጊዜ ተከፈለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ሽታ ተመለሰ። ለምን አይመለስ? "ከፍተኛ ሙቀት ይችላል" ተብሎ የሚሸጠው ቀይ ሲሊከን የሚችለው 300 ዲግሪ ገደማ ነው። እዚያ በኩል የሚያልፈው ጭስ ሞተሩ ሲጠነክር ከ600 ያልፋል። የቅቤ ግድግዳ ሠርቶ እሳት አጠገብ እንደማቆም ነው።

ሲሊከኑስ ይሁን። የሚያናድደን ሦስት ጓርኒሲዮን ሲቃጠል አንድም ሰው "ለምን?" አለማለቱ ነው። ጓርኒሲዮን ዝም ብሎ አይቃጠልም። ሁለቱ ብረቶች እኩል ሲጫኑት ዓመታት ይቆያል፤ ካልጫኑት በሳምንት ያልቃል። ስለዚህ የተቃጠለ ጓርኒሲዮን ምስክር እንጂ ወንጀለኛ አይደለም። ምስክሩን እየቀየሩ ወንጀለኛውን ማስቀመጥ ደግሞ... ይህን እንኳ ሌላ ጊዜ እናወራዋለን፤ ከመኪና እንወጣለን።

ከብራይተን በኋላ ያደረግነው ይህ ነው። በ20 ፓውንድ አካባቢ የቤት ማስጠንቀቂያ ገዝተን (ለመኪና እንዳልተሠራ እናውቃለን) እግራችን ሥር አስቀመጥን። ግቢ ውስጥ፣ ጣሪያው ተዘግቶ፣ ሞተሩ ቆሞ እየሠራ። ሦስት ደቂቃ አልሞላም፣ ጮኸ። ጋሼ ሞተሩን አጥፍተው ለረጅም ጊዜ መሪውን ይዘው ተቀመጡ። ከዚያ "ያን ዕለት ራስሽን አሞሽ ነበር እንዴ?" አሉን። "ትንሽ" አልን። አሁንም ይሉኝታ! "ትንሽ!" አሉ፣ በቁጣ ሳይሆን በሌላ ነገር። ወጥተው ኮፈኑን ከፈቱ።

እኛ መብራት ያዥ ነበርን። በመጀመሪያ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ቀጥሎ የቤት መጥረጊያውን ቫኪዩም ክሊነር መንፊያ በኩል ከማርሚታው ጫፍ ላይ ገጥመው በጨርቅ አሰሩትና ማኒፎልዱ ዙሪያ የሳሙና ውሃ ረጩ። መካከለኛው መጋጠሚያ ላይ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ አለ። ቀላል አይደለም? ሦስት ክፍያ የተከፈለበት ጋራዥ ይህን ለማድረግ አሥር ደቂቃ አልነበረውም።

ሲፈቱት ነገሩ ወጣ። በዚህ ሞተር ላይ ማስገቢያውም ማስወጫውም ከቴስታው አንድ ጎን ላይ ጎን ለጎን ነው የሚታሰሩት፤ ያውም በጋራ። አንድ ወፍራም ሮንዴላ ግማሹ የማስገቢያውን ከንፈር፣ ግማሹ የማስወጫውን ከንፈር ይረግጣል፤ ላዩ ላይ አንድ ዳዶ ይጠብቃል። የሁለቱ ከንፈሮች ውፍረት እኩል ከሆነ ሁለቱም ይያዛሉ። ካልሆነ ግን ሮንዴላው ወፍራሙ ላይ ይደገፍና ስሱን ሳይነካው ይቀራል። ሁለት ሰው በአንድ ጋቢ እንደ መተኛት ነው፤ አንዱ ሲጎትተው ሌላው ይበርደዋል። የጋሼ መኪና ላይ ቀደም ሲል የነበረ ባለቤት የጭስ ማውጫውን ማኒፎልድ በሌላ ቀይሮት ኖሮ፣ ከንፈሩ በጥፍር ውፍረት ያህል ይሳሳል። ዳዶውን የቱንም ያህል ቢያጠብቁት የሚጠብቀው ማስገቢያው ነው። እነዚያ ሦስት ጓርኒሲዮኖች የተጫናቸው ነገር አልነበረም።

በዚያ ላይ ብረቱ ጠሟል። አይገርምም፤ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ የቀለጠ ብረት ሥራ 400 ዲግሪ ቢሞቅ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ጎረቤቱ ማስገቢያ ደግሞ አልሙኒየም ስለሆነ በእኩል ሙቀት የእጥፍ ያህል ይዘረጋል። በየቀኑ ሲሳሳቡ ሃምሳ ዓመት ኖረዋል። ጋሼ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ፊቱ ላይ አጋድመው ከኋላ መብራት አበሩ፤ ብርሃኑ በመሃል አለፈ። "ይኸው" አሉ። ሁለቱን ማኒፎልዶች ይዘው ቶርኖ ቤት ሄዱ፤ ፊታቸው ተላገ፣ ከንፈራቸው እኩል ተደረገ። አዲስ ጓርኒሲዮን ያለ ሲሊከን በደረቁ ገባ። ከመሃል ወደ ዳር ጠበቀ፣ በ20 ኒውተን ሜትር ገደማ፤ የክንድ ሙሉ ጉልበት አይፈልግም፣ ዘንጉን ትሰብሩታላችሁ። ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና ተፈተሸ። ታች ወደ ማርሚታው በሚወርደው መገናኛ ላይ ያሉት ዳዶዎች የነሐስ ነበሩ፤ ነሐስ ከብረት ጋር በዝገት አይጣበቅም። ጋራዡ በሁለቱ ፋንታ ተራ የብረት ዳዶ ገጥሞ ነበር። ጋሼ በጣልያንኛ የተናገሩትን አንጽፈውም።

አንድ ነገር ሳንረሳ። አሮጌ ጓርኒሲዮን በደረቁ አትፋቁ፣ በሽቦ ብሩሽ ደግሞ በፍጹም። ድሮ አስቤስቶስ ይገባባቸው ነበር፤ ብሪታኒያ የመጨረሻውን ዓይነት የከለከለችው በ1999 ነው። አርጥባችሁ፣ ተገቢውን ጭምብል አድርጋችሁ።

ሲያበቃ ሞተሩ ተነሳ። ጠዋት ጠዋት ሲነሳ የሚሰማው ጢቅ ጢቅ የሚል ድምፅ የለም። ጋሼ ያን ድምፅ የቫልቭ ነው ብለው ቫልቩን ሁለት ጊዜ አስተካክለውለት ነበር፤ ለካ በክፍተቱ የሚያፈተልክ ጭስ ነበር፣ ብረቱ ሲሞቅና ሲዘረጋ ስለሚቀንስ ያታልላል። ቁልቁለት ላይ ነዳጁን ሲለቁት ፓ! ፓ! የምትለውም ቀረች። ለእሷ ለእሷ ጎረቤቶቻቸው አዝነዋል፤ "የስፖርት መኪና ድምፅ" ይሏት ነበር። በክፍተቱ የገባ አየር ማርሚታው ውስጥ ያልተቃጠለ ቤንዚን ሲያገኝ የሚፈጥረው ፍንዳታ መሆኑን ስንነግራቸው ደስ አላላቸውም።

ሦስተኛው ጠበኛችን እኛው ነን። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲያቅለሸልሸን "ደህና ነኝ" ያልነው ማን አስገድዶን ነው? ጋሼ ቅር እንዳይላቸው፣ መኪናቸውን ያጣጣልን እንዳይመስላቸው። ታክሲ ውስጥ መስኮት ክፈቱ ለማለት የምናፍር፣ ሠርግ ቤት ከሰል ሲጨስብን የምንታገሥ ልጆች ነን። አሮጌ መኪና ውስጥ ተሳፍራችሁ ራሳችሁን ካመማችሁ መኪናው እንዲቆም ንገሩ። ሾፌሩ አጎታችሁም ይሁኑ፣ እጮኛችሁም ይሁን። ውጡና ንፋስ ተቀበሉ፣ ከዚያ ተጣሉ።

መስከረም ላይ ጋሼ መኪናዋን ምርመራ ቦታ ወሰዷት፤ ማንም ሳያስገድዳቸው። መዝጋቢው ወጣት ኮምፒውተሩን አየና ይህች መኪና ምርመራ አያስፈልጋትም አላቸው። "ያስፈልጋታል" አሉ። ነጻ ናት እኮ አላቸው። "እሷ ነጻ ትሁን፤ እህቴ ልጅ አጠገቤ ነው የምትቀመጠው" አሉት። ገባች፣ ተፈተሸች፣ አለፈች። ወረቀቱን ተቀብለው የፊት መስታወት ላይ ሊለጥፉ ሲታገሉ አየናቸው፤ እንደ ቦሎ። "ጋሼ፣ እዚህ አገር እኮ አይለጠፍም" አልናቸው። አራት ላይ አጠፉት፣ ጥጉ ላይ ለጠፉት።